ከስሙ በፊት ማገሩን፦ ትናንሽ የድሮ ጊታሮችን ስለማወዳደር

የድሮ ስልት ያላቸውን ትናንሽ አኩስቲክ ጊታሮች መውደድ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚደናገረው በቁጥሩ ነው። 0-17፣ 00-18፣ 000-28፣ ኤል-00፣ ኤልጂ-2። በዚህ ላይ ሻጩ የእንጨቱን ስም፣ የሙጫውን ዓይነትና የተሠራበትን ዘመን ይደረድርለታል። ሁለት ጊታር ያነሳል፣ አንዱ ልቡን ይወስደዋል። ለምን እንደወሰደው ግን አያውቅም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ሲገዛ በስም ይገዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከትንሽ ጊታር የምንሰማው ድምፅ አብዛኛው የሚመጣው ከጥቂት ነገሮች ነው፦ ከፊት ሳንቃው ስፋት፣ አንገቱ ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ፣ ከክሩ ርዝመት፣ ከውስጥ ከተለጠፈው ማገርና ከራሱ ከፊት ሳንቃው። ጭንቅላቱ ላይ ያለው አርማና የጀርባው እንጨት ስም ከእነዚህ በኋላ ነው የሚመጡት። አምስቱን ማየት የለመደ ሰው ማንኛውንም ሁለት ጊታር ማወዳደር ይችላል።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

ቁጥሮቹ የመጡት ማርቲን ከተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ድርጅት ነው። ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1796 በሳክሶኒ፣ በማርክኖይኪርሽን ተወለደ። በ1833 ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ ናዝሬት ወደምትባል የፔንስልቬኒያ ከተማ ገባ። ፋብሪካው ዛሬም እዚያው ናዝሬት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማርቲን ልክ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲያንስ ጊታሩ ይተልቃል። 5 ቁጥር ትንሹ ነው። ሰፊው የታችኛው ክፍል ከጎን እስከ ጎን ሲለካ 11.25 ኢንች ይሆናል። 1 ቁጥር 12.75 ኢንች ነው። ከ1 የሚበልጥ ሲሠሩ ቁጥር አለቀባቸው፤ ስለዚህ 0 አሉት፣ 13.5 ኢንች። ከዚያ 00 መጣ፣ 14 ኢንች ከትንሽ ትርፍ ጋር። በ1902 ደግሞ 000፣ 15 ኢንች። ዛሬ ትንሽ የምንለው 0 ቁጥር በዘመኑ «ኮንሰርት» ይባል እንደነበር ማወቅ ደስ ይላል። ለአዳራሽ የሚበቃ ትልቅ ጊታር ነበር ማለት ነው።

ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር የእንጨቱንና የጌጡን ደረጃ ይናገራል። 15 እና 17 በለመድነው መልካቸው የፊት ሳንቃው ጭምር ማሆጋኒ ነው። 18 ጀርባና ጎኑ ማሆጋኒ፣ ፊቱ ስፕሩስ ነው። 28 ላይ ጀርባው ሮዝውድ ይሆናል። 45 ዳር ዳሩን በሚያብረቀርቅ የባሕር ዛጎል የተጌጠው ነው። እንግዲህ 0-17 ካያችሁ ትንሽ፣ ሙሉ ማሆጋኒ፣ ጌጥ ያልበዛበት ጊታር ነው።

ጊብሰን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። በ1902 በካላማዙ፣ ሚሺጋን የተመሠረተው ይህ ድርጅት ስሞቹን በየጊዜው ቀያይሯል። ለትናንሽ ጊታር ወዳጅ ዋናዎቹ ኤል-1፣ ኤል-0፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ኤል-00 እና ከ1942 ጀምሮ የወጡት የኤልጂ ጊታሮች ናቸው። ኤል-00 ስፋቱ 14.75 ኢንች ነው። በማርቲን ልክ በ00 እና በ000 መካከል ይገባል።

ትንሹ ጊታር ለምን ተገፋ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ ጊታር የሚባል ነገር አልነበረም። ጊታር በቃ ጊታር ነው። ክሩ ከአንጀት የተሠራ ነበር፣ የሚጫወቱትም ሳሎን ውስጥ ነው። 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ የብረት ክር መጣ። ማርቲን በ1922 2-17 የተባለውን ትንሽ ጊታር ከመነሻው ለብረት ክር አድርጎ መሥራት ጀመረ። ባንጆው ይጮሃል፣ የዳንስ ባንዱ ይጮሃል፣ ጊታሩም መሰማት ነበረበት። በ1916 ማርቲን ዲትሰን ለተባለ የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ ትልቅ ጊታር ሠራለት። የስሙ መነሻ በጊዜው የታወቀው የእንግሊዝ ጦር መርከብ ነው፤ ድሬድኖት። ከ1931 ጀምሮ በራሱ በማርቲን ስም ወጣ። ስፋቱ 15 ኢንች ከ5/8 ሲሆን ወገቡም ብዙ አይጠብም። ከዚያ በኋላ «ጊታር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እሱን ሆነ። ትንሹ የልጅ ወይም የጀማሪ ዕቃ መሰለ።

ይህ ለትንሹ ጊታር ፍትሐዊ አይደለም። የብሉዝ ዘፋኙ ሮበርት ጆንሰን በታዋቂው የስቱዲዮ ፎቶው ላይ የያዘው ትንሽ የጊብሰን ኤል-1 ነው። የፎክ ዘፋኟ ጆን ባዬዝ የተጫወተችበት በ1929 የተሠራ ማርቲን 0-45 ነው። ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ጊታር አይደለም።

አካሉ ሲያንስ ምን ይሆናል?

የክሩ ጉልበት ትንሽ ነው። ክር ብቻውን አየር አያንቀሳቅስም። ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ፊት ሳንቃው ላይ የሚታሰሩበት ቁራጭ እንጨት፣ ያንን ጉልበት ለሳንቃው ያቀብላል፣ ሳንቃው እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፣ አየሩን የሚገፋው እሱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ራሱን የቻለ ድምፅ አለው። የጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፉ እንደሚሰማው ዓይነት ማለት ነው። ሳጥኑ ሲያንስ ይህ የአየር ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ትንሽ ጊታር ታች ያለውን የቤዝ ጉምጉምታ ያን ያህል አያግዝም።

ጉድለት ይመስላል። በጣት ለሚጫወት ሰው ግን ትልቅ በረከት ነው። ቤዙ ሌላውን ስለማይውጠው ስድስቱም ክር እኩል ይሰማል። ቀለል ያለ ሳንቃ ደግሞ ለትንሽ ንክኪ ቶሎ መልስ ይሰጣል። ማይክሮፎን ፊት ሲቀርብም ለድምፅ ቀጂው አያስቸግርም፣ የሚቆረጥ ትርፍ ቤዝ የለውም። በፒክ (በጣት በሚያዝ ትንሽ የክር መምቻ) ጠንክራችሁ ስትመቱት ግን አንድ ቦታ ላይ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ብትጨምሩ ድምፁ ይጨናነቃል እንጂ አይጨምርም። ድሬድኖት እዚያ ላይ ገና ጉልበት አለው። ለአሥር ሰው ዘፈን የሚያጅብ ሰው ትልቁን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

12 ፍሬት ወይስ 14?

ይህ ከውጭ በዓይን የሚታይ ነው፤ ድምፁንም በጣም ይለውጣል። ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት ነው። የጥንቶቹ ጊታሮች አንገታቸው ከአካሉ ጋር የሚገናኘው 12ኛው ፍሬት ላይ ነው። በ1929 የአትላንታው ባንጆ ተጫዋች ፔሪ ቤክተል ማርቲንን ወደ ላይ በቀላሉ የሚደረስበት ጊታር ጠየቀ። ማርቲን የ000ን ትከሻ አሳጠረና አንገቱን 14ኛው ፍሬት ላይ አገናኘው። ያ ጊታር ኦኤም ተባለ። በ1934 14 ፍሬት በአብዛኛው የማርቲን ሥራ ላይ ተለመደ።

ታዲያ ድምፁ ለምን ይለያያል? የክሩ ርዝመት ሳይለወጥ አንገቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ብሪጁም አብሮ ወደ ድምፅ ቀዳዳው ይጠጋል። በ12 ፍሬት ጊታር ላይ ግን ብሪጁ ወደ ታች ወርዶ የሰፊው ክፍል መሐል አካባቢ ይቀመጣል። ሳንቃው ይበልጥ የሚላወሰው እዚያ ነው። ስለዚህ 12 ፍሬት ያለው 00 ከአካሉ የማይጠበቅ ሞቅ ያለና ክብ ድምፅ ይሰጣል። 14 ፍሬት ያለው ደግሞ ጠንከርና ጥርት ይላል። ሁለት ጊታር «00» ስለተባሉ ብቻ አንድ ናቸው ብላችሁ አታወዳድሩ። መጀመሪያ ፍሬት ቁጠሩ።

የክር ርዝመትም እዚሁ ይገባል። የማርቲን 0 እና 00 ክር የሚንቀጠቀጥበት ርዝመት 24.9 ኢንች ነው። የኦኤምና የድሬድኖት 25.4 ነው። ግማሽ ኢንች ብቻ። ነገር ግን ያው ክር በዚያው ቃና ሲቃኝ የሚሸከመው ውጥረት በርዝመቱ ካሬ ልክ ይለወጣል። አስልታችሁ ብታዩት አጭሩ ላይ ውጥረቱ በ4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጣት ላይ ለስለስ ይላል፣ ክር ጎትቶ ድምፅ ማጠፍም ይቀላል።

ማገሩ

የጊታር የፊት ሳንቃ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስድስት የብረት ክሮች ሲቃኙ በጠቅላላ ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትቱታል። ሳንቃው ብቻውን ቢሆን ይታጠፋል። ስለዚህ ከውስጥ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ይለጠፉበታል። የጭቃ ቤትን ግድግዳ ማገር እንደሚይዘው ማለት ነው። እኔ ማገር የምላቸው እነዚህን ነው። ከሁሉ በላይ ጊዜ ልንሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ይመስለኛል። ከውጭ አይታይም፣ ማስታወቂያ ላይም ብዙ አይጻፍም፣ ግን የጊታሩ ጠባይ እዚህ ነው ያለው።

ሁለት ዋና ዓይነት አለ። አንዱ የመሰላል ማገር ነው። ዘንጎቹ እንደ መሰላል እርከን አግድም ይደረደራሉ። ለመሥራት ቀላል ስለሆነ ርካሽ ጊታሮች ላይ ይበዛ ነበር። ኦስካር ሽሚት በተባለው የኒውጀርሲ ድርጅት የተሠሩት ስቴላ የሚባሉ ጊታሮች፣ ጊብሰን በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ «ካላማዙ» ብሎ ያወጣቸው ኬጂ-11 የመሳሰሉ ርካሽ ጊታሮች እንዲህ ናቸው። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ቶሎ ይጠፋል። ለብሉዝ የሚሆን ልዩ ለዛ አለው።

ሁለተኛው የኤክስ ማገር ነው። ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ከቀዳዳው በታች ይሻገራሉ። ማርቲን በ1840ዎቹ ይዞት ነበር፣ የአንጀት ክር በነበረበት ዘመን ማለት ነው። የብረት ክር ሲመጣ ለዚያ የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ ተስማማው። ጭነቱን ለሁሉም አቅጣጫ ስለሚያካፍል ሳንቃው በአንድነት ይርገበገባል። ድምፁ የተሟላ ነው፣ ረዘም ብሎም ይቆያል።

ከዚያ የማገሩ አጠራረብ አለ። በድሮ ማርቲኖች ላይ ማገሩ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ይጠረባል። ሳንቃው ይቀልና ይፈታል። ሰዎች ወፍራም ክር ማሰር ሲያበዙ ሳንቃዎች መነሳት ጀመሩ፤ ማርቲን በ1944 መጨረሻ ይህን አጠራረብ አቆመ። ወደ መደበኛ ሥራው የመለሰው በ1976 ነው። ሰብሳቢዎች ከ1945 በፊትና በኋላ እያሉ የሚለዩት፣ የዋጋው ልዩነትም ያን ያህል የሚሰፋው፣ አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው።

ማገር ምን ያህል እንደሚለውጥ በጆሮ ማወቅ የፈለገ ሰው የጊብሰንን ኤልጂ-1 እና ኤልጂ-2 አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጥ። ሁለቱም 14.25 ኢንች ናቸው። ሁለቱም ፊታቸው ስፕሩስ፣ ጀርባቸው ማሆጋኒ ነው። ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። ኤልጂ-1 ግን የመሰላል፣ ኤልጂ-2 የኤክስ ማገር አለው። በገበያ ላይ ኤልጂ-2 በጣም ይወደዳል። እንዲያውም ኤልጂ-1ን ከፍተው ማገሩን ወደ ኤክስ የሚለውጡ ጠጋኞች አሉ። እኔ ባይነካ እመርጣለሁ። የመሰላሉ ድምፅ ራሱን የቻለ ድምፅ ነው፣ የተበላሸ ኤክስ አይደለም።

የእንጨቱ ነገር

የፊት ሳንቃው እንጨት ለውጥ ያመጣል። ስፕሩስ ጥርት ያለና ሰፊ ነው፤ ጠንክራችሁ ስትመቱት አብሮ ያድጋል። ማሆጋኒ ፊት ያለው 0-17 ወይም 0-15 ሲመቱት ቶሎ ይሞላል፣ ዳሩ ለስላሳ ነው፣ ለዘፋኝ ድምፅ ቦታ ይተዋል።

ጀርባና ጎን ላይ ግን ነገሩ ከሚወራው ያነሰ ነው። በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራና በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ከጀርባና ጎናቸው እንጨት በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ 6 ጊታሮች ተሠሩ። 52 ጊታር ተጫዋቾች እንጨቱን እንዳያዩ ተደርገው ሞከሯቸው። ውዱን ሮዝውድ ከርካሹ እንጨት ለይቶ የሚያስበልጥ ውጤት አልተገኘም። ይህ ሮዝውድ አያምርም ማለት አይደለም። ለድምፅ ብላችሁ ለጀርባው ብቻ እጥፍ ከመክፈላችሁ በፊት ግን አስቡበት።

በዚያ ላይ የብራዚል ሮዝውድ የሕግ ጣጣ አለው። ማርቲን በ1969 መጨረሻ መደበኛ ሥራው ላይ መጠቀሙን አቆመ፤ ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ከፍተኛው ጥበቃ ተደረገለት። እንዲህ ያለ የድሮ ጊታር ከአገር አገር ለማሻገር ወረቀት ያስፈልጋል። የሌሎች ሮዝውዶች ያለቀላቸው መሣሪያዎች ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ሆነዋል።

እውነተኛው የድሮ ወይስ የድሮ ስልት ያለው አዲስ?

የዛሬ ሠሪዎች የድሮውን በደንብ አጥንተዋል። በኦስቲን ቴክሳስ የሚገኘው ኮሊንግስ በ2014 «ዋተርሉ» ብሎ ያወጣው ጊታር መነሻው ያ ርካሹ ካላማዙ ነው። ቀላል አካል፣ ስስ ቀለም፣ የቪ ቅርፅ ያለው አንገት። በአንድ ወቅት ድሃ የሚገዛው ዕቃ ዛሬ በጥንቃቄ ይጠናል፣ ይህ ልቤን ይነካዋል። ሌሎችም ከእንስሳት ቆዳ በሚሠራው የጥንቱ ሙጫ ይጠቀማሉ። ኦክስጅን በሌለበት በከፍተኛ ሙቀት የተጋገረ ስፕሩስ የሚጠቀሙም አሉ። መጋገሩ ከእንጨቱ ውስጥ ውሃና ሙጫ መሰል ነገሮችን ያወጣል፣ ሳንቃው ይቀላል፣ ያረጀ ጠባይም ይይዛል። እንጨቱ ግን በቀላሉ የሚሰነጠቅ ይሆናል።

የመጀመሪያ ትንሽ ጊታሩን ለሚገዛ ሰው ምክሬ አዲሱ ነው። የ90 ዓመት ጊታር ከነታሪኩና ከነሕመሙ ነው የሚመጣው።

ዋናው ሕመም የአንገቱ ማዕዘን ነው። ክሩ ለአሥርተ ዓመታት ሲጎትተው አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ፊት ያጋድላል፣ ክሩም ከፍሬቱ ይርቃል። ለመመርመር ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አጋድሙና ወደ ብሪጁ ግፉት። ጫፉ የብሪጁን እንጨት አናት ቢነካ ወይም ጥቂት ቢያልፈው ጥሩ ነው። ከአናቱ በታች ከመታ አንገቱ ተነቅሎ እንደገና መገጠም አለበት። ጠጋኝ ሙጫውን በእንፋሎት አልልቶ የሚሠራው ሥራ ነው፣ ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣል። ብሪጁ ራሱ ሳስቶ ካያችሁት ደግሞ ተጠራጠሩ። አንገቱን ከማስተካከል ይልቅ ብሪጁን ልጦ ክሩን ያወረደ ሰው ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ በትንሽ መስታወትና መብራት ውስጡን እዩ። ከብሪጁ ሥር ያለው ጠፍጣፋ እንጨት በክሩ ጫፍ ተበልቷል? የለቀቀ ማገር አለ? ሳንቃውን በጣት አንጓ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፤ የለቀቀ ካለ ይንዛረዛል። በደንብ የተጠገነ ስንጥቅ አያስፈራ። ከብሪጁ ኋላ ሳንቃው ትንሽ ሆድ ማውጣቱም የሚጠበቅ ነው። ቀለሙ ተልጦ እንደገና የተቀባ ከሆነ ግን የሰብሳቢ ዋጋው እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ለመጫወት ለሚገዛ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው፤ ቀለሙ ስስ ከሆነ ድምፁ አለ፣ ዋጋው ቀንሷል።

ማርቲን ከሆነ ዕድሜውን ማወቅ ቀላል ነው። ከ1898 ጀምሮ ተከታታይ ቁጥር አለው፣ መነሻውም 8000 ነው። ቁጥሩ በቀዳዳው ውስጥ የአንገቱ መሠረት ላይ ታትሟል፤ ከ1930 መጨረሻ ወዲህ የሞዴሉ ስምም አብሮት አለ። ጊብሰን ላይ መዝገቡ የተዘበራረቀ ስለሆነ የጭንቅላቱን አርማ፣ መቃኛውንና አንገቱን አስተያይቶ መገመት ያስፈልጋል። ከ1942 እስከ 1945 አካባቢ የተሠሩት ላይ «ጊብሰን ብቻ ነው የሚበቃው» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ጭንቅላቱ ላይ ይታያል። ወንዶቹ ጦር ሜዳ ሳሉ ከእነዚህ ብዙዎቹን የሠሩት ሴቶች ናቸው። ድምፃቸውን ሰምቶ የማይወድ ሰው አላጋጠመኝም።

የገዛችሁት የድሮም ይሁን አዲስ፣ የምታስቀምጡበት ክፍል እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን። ቀላል ጊታር በድርቀት ቶሎ ይሰነጠቃል።

ስታወዳድሩ

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ጊታሮቹን ሳይሆን ክሮቹን ነው። አንዱ ላይ ትናንት የታሰረ፣ ሌላው ላይ የስድስት ወር ክር ካለ፣ የሰማችሁት ልዩነት የክሩ ነው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አዲስ ክር እሰሩ። የክሩን ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ ለኩ፤ አንዱ ከፍ ያለ ከሆነ ይበልጥ ይጮሃል፣ ያ ደግሞ የአሠራሩ ብልጫ አይደለም። አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ፒክ፣ አንድ ዘፈን ይሁን። በጣት፣ በቀስታና በጠንካራ ምት ሞክሩ። ከተቻለ ሌላ ሰው ይጫወት፣ እናንተ ከሦስት እርምጃ ርቀት ስሙ። ጊታር ከኋላው ለተቀመጠውና ከፊቱ ለቆመው ሰው አንድ ዓይነት አይሰማም።

ከዚያ ቅዱት። ፋይሎቹን «ሀ» እና «ለ» በሉና በማግስቱ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ስትረሱ፣ ስሙ። እኔ በዚህ መንገድ ብዙ የምወደው መስሎኝ የነበረውን ጊታር ሁለተኛ አድርጌ አውቃለሁ።

ስብስብ መጀመር የሚፈልግ ሰው እንዲህ ቢያስብ ደስ ይለኛል። አንድ 12 ፍሬት ያለው 00፣ ሰፊ አንገት ያለው፣ በጣት ለመጫወት። አንድ 14 ፍሬት በኤል-00 መልክ የተሠራ የኤክስ ማገር ያለው፣ ለዘፈን ማጀቢያ። አንድ የመሰላል ማገር ያለው ርካሽ ጊታር። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይተካኩም። አራተኛው ከሦስቱ በአንዱ አሠራር ሌላ አርማ ለጥፎ የመጣ ከሆነ ለግድግዳው ያምራል፣ ለጆሮ ግን ብዙ አይጨምርም። አራተኛ ካስፈለገ ፊቱ ማሆጋኒ የሆነ 0-17 ዓይነት ይሁን፣ ሦስቱም የማይሰጡት ድምፅ አለውና።